19 ወይስ 18? ጎንደር ውስጥ የአንድ ቢኤምደብሊው 550 ጎማ ቅየራ

ጉዳዩ በጥር 2017 ዓ.ም. ተጀምሮ ፋሲካ ሳይደርስ ያለቀ ነው። የምጽፈው፣ እንዲህ ያለ መኪና ይዘው ጎንደር ውስጥ "የትኛውን ጎማ ልግዛ?" የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙና መልሱ ከጎማው ስም ስለማይጀምር ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2011 ሥሪት ቢኤምደብሊው 550 ነው። ባለ 4.4 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 400 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ በሙሉ የሚሄደው ወደ ኋላ እግር ነው። ባዶውን ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከውጭ አገር ሲመለሱ ይዘውት ገቡ። ዛሬ መኪናው ሁለት ሥራ አለው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሙሽራ ይጭናል፤ በቀረው ጊዜ ጋሼ ራሳቸው እየነዱ ባሕር ዳር ይመላለሱበታል። ጎማዎቹ ፋብሪካው እንዳዘዘው በ19 ኢንች ቸርኬ ላይ ፊት 245/40፣ ኋላ 275/35 ነበሩ (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው)፤ ሁሉም ራንፍላት፣ ማለትም አየር ቢያልቅባቸውም ጎናቸው መኪናውን ተሸክሞ ለጥቂት ጊዜ የሚያስኬድ። በዚህ ምክንያት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ እስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማ፣ አልተሰጠውም።

ጋሼ የመጡት "መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ሥራልኝ" ብለው ነው። በክሪክ አንሥተን የፊት ቀኙን ስንፈታው ከውጭ ምንም የለውም። በውስጠኛው ጎን፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው በማይታየው በኩል ግን አብጧል። እብጠቱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ ብሎ ተመለሰ፤ የጤነኛ ራንፍላት ጎን ደግሞ በጣት ንቅንቅ አይልም። ልክ በእብጠቱ አንጻር የቸርኬው ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፏል። የኋላ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ጥርሳቸው ገና ነው፤ እጄን ወደ ውስጥ አስገብቼ ስዳስስ ግን የውስጠኛው ትከሻ ሙልጭ ብሎ ሽቦው ሊወጣ ተቃርቧል። ጋሼንም ጎንበስ ብለው በእጃቸው እንዲዳስሱት አደረግኋቸው። ይህን መኪና የያዘ ሰው ሁሉ በየጊዜው እንዲህ ቢያደርግ ደስ ይለኛል፤ የዚህ ዓይነት መኪና የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ትንሽ ያዘነበለ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ዓይን የማያየው ጎኑ ነው።

እብጠት አይጠገንም። ጎማው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል፤ ያን ጊዜ ጎኑን የያዙት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። መቼ እንደሚፈነዳ ማንም አያውቅም። ጋሼ ለዚያ ሳምንት የተቀበሉትን ሠርግ ለሌላ መኪና አሳልፈው ሰጡ፤ ከልቤ አመሰገንኳቸው። መኪናው ጊቢ ውስጥ ቆመ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የታወቀው ነው። "ልጄ፣ እንግዲህ ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቁጥር አምጣልኝ። ፋብሪካው ከኔም ካንተም ያውቃል።"

ፋብሪካው ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የራሱን አገር መንገድ ነው። ይህ መኪና ጎንደር ውስጥ የት የት ነው የሚሄደው? ሙሽሮቹን ይዞ ከፋሲል ግቢ ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ከዚያ ለፎቶ ጎሃ ተራራ ላይ፤ አንዳንዴ ቁስቋም። መንገዱ አስፋልት ጀምሮ ኮብልስቶን ይሆናል፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጠርዙ የተቆረሰ አስፋልት ይመጣል። ውስጡ አምስት ሰው ተጭኗል፤ ፊት ለፊቱ ካሜራ የያዘ መኪና፣ ኋላው ጡሩምባውን የለቀቀ አጀብ አለ፤ ሹፌሩ ጉድጓድ ቢያይ እንኳ እንደልቡ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዘዞ፣ በማክሰኚት፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታ አድርጎ። አስፋልት ነው፣ ግን ያልታሰበ ጉድጓድ አያጣም። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚሞላ ጥልቀቱ አይታወቅም።

ስለዚህ ጎማው እዚህ የሚፈተነው በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳይሆን በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለተኛው ፈተና የሐምሌ ዝናብ ላይ ሁለት ቶን ማቆም ነው። ምርጫውን በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መዘንኩት።

ራንፍላቱን መልሶ መግዛት የመጀመሪያው አማራጭ ነበር። የራንፍላት ተስፋ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው። ይህ ተስፋ ሙሉ የሚሆነው በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያንን ጎማ የሚፈታ ማሽንና የሚተካ ጎማ ካለ ነው። እንፍራንዝ አካባቢ ቢተነፍስ አዲስ ዘመን ያደርስዎታል እንበል፤ አዲስ ዘመን ላይ 275/35 ራንፍላት ማን ያስቀምጣል? ጎኑ ድርቅ ያለ ስለሆነ በብረት እየፈለቀቀ የሚያወጣ ጎሚስታ ከንፈሩን ይቀደዋል ወይም ቸርኬውን ይፍቀዋል። ባዶውን ከተነዳ በኋላ ደግሞ ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ ማረጋገጥ ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ መጣል ነው። በዚያ ላይ ያ ደረቅ ጎን የጉድጓዱን ምት በሙሉ ወደ ቸርኬውና ወደ እግሩ ያስተላልፋል፤ የጋሼ ቸርኬ የታጠፈውም እንዲሁ ነው። ይሁንና ራንፍላትን በደፈናው አልጥለውም። ዛሬ መንገድ ዳር ቆሞ ጎማ መፍታት ለማንም የማይመከርበት ጊዜ ነው፤ ሳይቆሙ ከተማ መግባት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ጋሼም አጥብቀው ያነሡት ይህንን ነበር፤ ልክ ናቸው። ጥቅሙና ጉዳቱ ሲመዘን ግን፣ ጎኑ ወፍራም ትራስ ያለው ጎማ ቀድሞውኑ የመጎዳት ዕድሉ ያነሰ ነው። ከዚያ በተጨማሪ አየር የሞላ እስኮርታ ከኋላ ይዞ መሄድ ይሻላል አልኩ።

"እሺ፣ 19ኙን ይዘን ተራ ጎማ እናድርግበት" ተባለ። ይህ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን የጎኑ ቁመት አይለወጥም። ፊት 98 ሚሊ ሜትር፣ ኋላ 96 ሚሊ ሜትር ነው፤ በደረቁ ጎን ፋንታ ለስላሳ ጎን ገብቶ ቁመቱ ያው ከሆነ መቆንጠጡ ይቀጥላል። ፊትና ኋላ የተለያየ ስፋት ስለሆነ ጎማ ማዘዋወር አይቻልም፤ እስኮርታም ቢያዝ ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆንም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ደግሞ በስልክ "245/45 በ19 ውሰድ፣ ጎኑ ከፍ ይላል፣ ቸርኬ አትቀይርም" አለኝ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያባብላል፤ ሒሳቡን ግን መሥራት ያስፈልጋል። ስፋቱ 245፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 45 በመቶ፣ ማለትም 110 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ሲደመር 220፣ የ19 ኢንች ቸርኬ ደግሞ 483 ሚሊ ሜትር፤ ድምሩ 703። የፋብሪካው የፊት ጎማ 679 ነው። ልዩነቱ ሦስት ከመቶ ተኩል ያህል ስለሆነ ቆጣሪው 100 ሲል ዕውነተኛው ፍጥነት ወደ 104 ይጠጋል ማለት ነው። የጎሃን ጥምዝ መሪ ሙሉ ጠምዝዞ ሲወጣም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ፊት ብቻ ቢገባ ደግሞ የባሰ ነው፤ የዚህ መኪና መንሸራተት መቆጣጠሪያ የአራቱን ጎማ አዟዟር እያነጻጸረ የሚሠራ በመሆኑ ፊትና ኋላ ከተለያዩበት በማያስፈልግ ቦታ ፍሬን ይይዛል፣ ወይም መብራት አብርቶ ይዘጋል።

የቀረው 18 ኢንች ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በ18 ኢንች ቸርኬም ይመጣ ነበር፤ ቁጥሩ አራቱም እግር 245/45 ነው። የዚህ ቁመት 678 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ19ኙ የፊት ጎማ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ነው። ቆጣሪው አይዛባም፣ ፓራፋንጎ አይነካም። የጎኑ ቁመት ግን 110 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፊት 12፣ ኋላ 14 ሚሊ ሜትር ትርፍ መሆኑ ነው። በቁጥር ሲያዩት ያነሰ ይመስላል፤ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ግን ያቺ ትርፍ ናት ክር እንዳይበጠስ የምታደርገው። አራቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወር ይቻላል፤ አንድ እስኮርታም ለአራቱ ይበቃል። በክረምት ከ275 ይልቅ 245 ስፋት ውኃውን ሰንጥቆ መሬት ለመንካት የተሻለ ነው፤ ሰፊ ጎማ ውኃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋልና።

የሚጠፋ ነገር አለ፤ ለጋሼም አልደበቅኳቸውም። 400 ፈረስ በ245 ኋላ ጎማ ላይ ሲለቀቅ መያዣው ይቀንሳል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ነዳጅ በኃይል የሚረግጥ ሹፌር ኋላው ሲንሸራተት ይሰማዋል። መሪውም ኩርባ ላይ ለመመለስ ትንሽ ይዘገያል። ደግሞ መልኩ አለ። ልጃቸው "ሰው ይህን መኪና ለሠርግ የሚከራየው በ19ኙ ስለሚያምር ነው" ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፣ የሙሽራ መኪና መልክ ገቢ ነው። ጋሼ ጥቂት ቀን አሰቡበት። የወሰኑትም "ሙሽራ ጭኖ ጎሃ ላይ ከሚፈነዳ፣ ትንሽ ቸርኬ ይሻለኛል" ብለው ነው።

ጊዜው ጥሩ ሆነልን። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ በሁዳዴ ሠርግ የለምና ከፊታችን 55 ቀን ነበረ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት መንገዱን መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ያ ጊዜ አስፈልጎናል።

ቸርኬ መፈለጉ ከጎማው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። የዚህ መኪና ብሎን አቀማመጥ 5 በ120 ነው፣ ማለትም አምስት ብሎን 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ፤ የመሐሉ ቀዳዳ 72.6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ፣ ማለትም የሚታሠርበት ፊት ከቸርኬው መሐል የሚርቀው፣ 30 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ የመጣልን ያገለገለ ቸርኬ የመርሰዲስ ነበር። 18 ኢንች ነው፣ አምስት ብሎን ነው፣ ሲያዩት ያምራል፤ ግን 5 በ112 ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ይስታል። "ብሎኑን በግድ አስገባው" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ የተገባ ብሎን ጭነት ሲበዛበት ይላላል ወይም ይቆረጣል። መለስነው። ትክክለኛው ሲመጣ እያንዳንዱን ቸርኬ ጎማ ሳይገባበት ባላንስ ማሽን ላይ አዙሬ አየሁት። ጀርባቸውን አጥቤ እጆቹ ከክቡ የሚገናኙበትን ቦታ በባትሪ ፈተሽኩ፤ ከመካከላቸው በእሳት ሞቆ የተቀጠቀጠ አንዱን አልተቀበልኩም። አሉሚኒየም ከሞቀ በኋላ የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም፤ የጋሼን የታጠፈ 19ም ያላስቀጠቀጥነው ለዚህ ነው።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ከሁሉ በላይ ለማስጠንቀቅ የምፈልገው ይህንን ነው። ርካሽ ዋጋ የተባለልን አንድ ስመ ጥር የአውሮፓ ጎማ መጣ። ቁጥሩ ልክ፣ ጥርሱ አዲስ፣ ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም። ሻጩ "የዘንድሮ ነው፣ ራስህ እየው" ብሎ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኝ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በመጨረሻ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ 1217 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። ወቅቱ ደግሞ 2017 ዓ.ም. ነው፤ 17ን ያየ ሰው "የዘንድሮ" ቢል አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ነው። 12ኛው ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. 2017፤ በእኛ መጋቢት 2009። ያ አዲስ የሚመስል ጎማ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ሻጩ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ አልመረመርኩም፤ የብዙ ሰው ስሕተት መሆኑን ግን አውቃለሁ። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል፤ በቆርቆሮ መጋዘን ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ እርጥብ ድንጋይ አይዝም። ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲወጣ ይመክራሉ። ስምንት ዓመት የተቀመጠውን ዛሬ ገዝቶ ሊያስኬዱት የሚቀረው ዕድሜ ትንሽ ነው። ጎማ ስትገዙ ከፎቶ በፊት ያንን ባለ አራት ቁጥር ይላክላችሁ፣ ከዓመቱም ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሳችሁ በእኛ አቆጣጠር አንብቡት።

የገዛነው የኮሪያውን ሀንኩክ ቬንተስ ኤስ1 ኢቮ3 ነው፤ 245/45 አር 18፣ 100 ዋይ፣ ኤክስ ኤል (ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ)። አምስት ገዛን። የተመረተበት 4024 ይላል፤ መስከረም 2017 መሆኑ ነው። ከምርጦቹ የአውሮፓ ጎማዎች አንድ ደረጃ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ስድስት ወር የሆነውን መካከለኛ ስም፣ ስምንት ዓመት ከሆነው ትልቅ ስም አስቀድማለሁ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለናረ፣ አዲስ ትልቅ ስም ባለመግዛታችን የተረፈው ገንዘብ እስኮርታውን ለመግዛት ረዳን።

100 የሚለው የመሸከም ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይችላል። በዚህ መጠን 96 ቁጥር ያለውም ይገኛል፣ እሱ የሚችለው 710 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ ከባድ መኪና ይህን ትርፍ ማጣት አልፈለግሁም። ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ "እዚህ ማን በዚያ ፍጥነት ይነዳል?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ማንም አይነዳም፤ ነገር ግን ከፍ ያለ የፍጥነት ፊደል ያለው ጎማ ሙቀትን ለመቋቋም ታስቦ የተሠራ ነው። ፈረንጆቹ "የበጋ ጎማ" የሚሉት፣ ማለትም ለበረዶ ወቅት ያልተሠራ መሆኑም አላሳሰበኝም፤ የበጋ ላስቲክ የሚደርቀው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፣ ጎንደር ደግሞ ቀን ላይ ከዚያ ብዙ ይሞቃል።

ጎማው በራሱ ማሽን ገባ፣ ባላንስ ተሠራ፣ ብሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ በ140 ኒውተን ሜትር ታሠሩ፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም እንደገና ተፈተሹ። አየሩ በሾፌሩ በር ላይ ባለው ሰንጠረዥ፣ ሙሉ ጭነት በሚለው ረድፍ ተሞላ። አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው፦ "ጋሼ፣ ለኮብልስቶኑ ይለስልስ ብለው አየር አያስቀንሱ።" ይህ ልማድ ጎንደር ውስጥ በጣም ተስፋፍቷል፤ አየር የቀነሰ ጎማ ነው ቶሎ የሚቆነጠጠው። "ወደ መተማ ብወርድስ?" አሉኝ። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር፣ መተማ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ታች የአየሩ ክብደት ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ መለኪያው 2 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ቀንሶ ያሳይ ነበር፤ ሙቀቱ ግን መልሶ ያስጨምረዋል። ስለዚህ ጎማው በቀዘቀዘበት ጠዋት እዚያው መለካት ነው እንጂ ከዚህ ተነሥቶ መገመት አይቻልም።

የኋላው ውስጠኛ ትከሻ መበላት በጎማ ቅየራ ብቻ አይድንም ነበር። ባሕር ዳር በኮምፒውተር አላይመንት፣ ማለትም የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ተሠራለት፤ የኋላ እግሮቹ አቅጣጫ ከልኩ ወጥቶ ተገኘና ተስተካከለ።

ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ መኪናው የሠርግ ሥራውን ሠራ፤ ክረምቱንም አለፈ። ጥቅምት 2018 ላይ ስንፈትሸው የኋላዎቹ ጥርስ ከፊቶቹ ትንሽ ቀድሞ ተበልቷል፣ ግን ከውስጥ እስከ ውጭ እኩል ነው። አንዱ ሚስማር ወግቶት ነበር፤ ወረታ ላይ በእስኮርታው ቀይረው መጡ፣ እኔም ጎማውን አውጥቼ ከውስጥ ለጠፍኩት። አራቱም ጎን በእጅ ተዳሰሰ፣ እብጠት የለም፤ የቸርኬዎቹም ከንፈር ቀጥ ያለ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዘዋወርን። ልጃቸው ጤነኞቹን ሦስት 19 ቸርኬዎች ለመሸጥ ገዢ እየፈለገ ነው። አራተኛውን፣ የታጠፈውን፣ ማንም አስቀጥቅጦ መንገድ ላይ እንዳያወጣው እኔ ዘንድ አስቀርቼዋለሁ።